በረኪና ነው አቼቶ? ወይስ አከራይን መጥራት? የሻወር ቤት ሻጋታ በደብረ ብርሃን

ባለፈው ክረምት ደብረ ብርሃን የተከራየሁት ቤት ሻወሩ ጠቆረ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከኮርኒሱ ጥግ አንዲት ግራጫ ነጥብ አየሁ። አቧራ መስላኝ ተውኳት። ነሐሴ ሲጋመስ ግድግዳው ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። ሽታውም እንደ ከረመ ጎተራ ነበር።

ሦስት ሰው አማከርኩ። የሥራ ባልደረባዬ «በረኪና ርጪበትና ተገላገይ» አለችኝ። ጎረቤቴ «በረኪና ሳንባሽን ነው የሚያቃጥለው፣ አቼቶ አድርጊበት» አለ። አከራዬን እትዬ ነው የምላቸው። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው አዩትና «አንድ እጅ ዘይት ቀለም ቢቀባ እልም ይላል» አሉ። ሦስቱንም በየተራ ሞከርኩ። ሦስቱም ለጥቂት ቀን ሠሩ። ከዚያ ሻጋታው ተመለሰ። ዘይት ቀለሙማ ጭራሽ ተላጠ።

ምክራቸው ውሸት አልነበረም። እያንዳንዱ የሆነ ቤት ላይ ይሠራል። እኔ ነኝ ነገሩን ከመሃል የጀመርኩት። «በምን ልግደለው?» ብዬ ጠየቅኩ እንጂ «ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?» አላልኩም። የሻጋታ ዘር እንደ አቧራ በየቤቱ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ እሱን ጨርሶ ማስወጣት አይቻልም። የሚያበቅለው እርጥበት ነው። የረጠበ ነገር ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ማደግ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ የምታወዳድሩት ጠርሙስን ከጠርሙስ ጋር ብቻ ከሆነ፣ አሸናፊው ማንም ቢሆን በየወሩ ትገዙታላችሁ።

በቅድሚያ ፌስታል

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ዋጋው የአንድ ፌስታል ነው።

ወፈር ያለ ፌስታል ደብተር ገጽ በሚያህል መጠን ቁረጡ። ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ትንሽ አቆዩት፤ አለዚያ ፕላስተሩ አይያዝም። ከዚያ ፌስታሉን ለጥፉና አራቱንም ጎን በፕላስተር ድፈኑ። ምንም ቀዳዳ አይኑረው። አንድ ወይም ሁለት ቀን ተዉት። እንደወትሯችሁ ታጠቡ።

ስትመለሱ ጤዛው የቱ ጋ እንዳለ እዩ። ወደ ክፍሉ ባለው ፊት ላይ ከሆነ ውሃው የመጣው ከእናንተ ሻወር እንፋሎት ነው። ከጀርባው፣ በፌስታሉና በግድግዳው መሃል ከሆነ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ ጠጥቷል። ቧንቧ ያፈሳል፣ ጣሪያ ያንጠባጥባል ወይም ከውጭ ይሰርጋል። የመጀመሪያው ችግር በአብዛኛው የተከራይ ነው። ሁለተኛው የአከራይ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

እኔ ሁለት ቦታ ለጠፍኩ። አንዱን ከሻወሩ በላይ፣ ሌላውን ከመኝታ ቤቴ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ። በማግስቱ የላይኛው ፌስታል ፊቱ ላይ አልቦት አገኘሁት። የታችኛው ፊቱ ደረቅ ነው። ጀርባውን በጣቴ ስጫነው ግን ውሃው ከስሩ ሸሸ፤ እንደ ዓሣ ገንዳ መስታወት ነጠብጣብ ተያይዞበታል። ሁለት ምንጭ ነበረኝ ማለት ነው። በረኪናዬ ለምን እንደከሸፈ ያኔ ገባኝ።

ጋቢዬም ትዝ አለኝ። በዚያ ግድግዳ በኩል ቁምሳጥኔን አስጠግቼ ነበር። ሳወጣው ነጩ ጋቢ ጥለቱ አጠገብ ግራጫ ነጥቦች ይዟል።

ይሄ ነገር እዚህ ለምን ይብሳል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምቱ ጉምና ዝናብ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ውርጩ ይመጣል። ቤታችን ማሞቂያ የለውም። ብዙው የኪራይ ሻወር ቤት ከዋናው ቤት ጀርባ የተለጠፈ ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ብሎኬት፣ መስኮቱ መጽሐፍ የሚያህል። ያ ብሎኬት ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ያድራል። ጠዋት በቦይለር ውሃ ስትታጠቡ እንፋሎቱ እዚያ ላይ ያርፋል። ከፍሪጅ የወጣ ቢራ ጠረጴዛ ላይ ሲያልበው ታያላችሁ አይደል? ያው ነው። ቢራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ይሄ ምሳሌ ለማንም አይጠፋም።

በቁጥር ላስቀምጠው። የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን፣ 12 ዲግሪና ከዚያ በታች የሆነ ግድግዳ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። ይህ ገና ሳትታጠቡ ነው። ከትኩስ ሻወር በኋላ ግድግዳው ይህን ያህል መቀዝቀዝ እንኳ አያስፈልገውም።

እህቴ ሸዋ ሮቢት ነው የምትኖረው። ጣርማበርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ፣ ቆላው ውስጥ። «መስኮት ክፈቺና ሂጂ» ትለኛለች። እሷ ጋ ይሠራል፤ ግድግዳው ራሱ ትኩስ ነው። ከዚያ የመጣ ምክር መንዝ መሐል ሜዳ ወይም አንኮበር ላለ ሰው እንዳለ አይሠራም። የአንድ ዞን ሰው ሆነን የአየሩ ነገር ግን ሌላ አገር ነው።

እንፋሎቱን ለማስወጣት፦ መስኮት፣ ቬንቲሌተር ወይስ መጥረጊያ

ስለ መስኮት የሚነሳው ክርክር ይህ ነው። «ውጭ ጉም ነው፣ መስኮት ብከፍት እርጥበት ላስገባ?» እኔም እንዲህ እል ነበር። ግን የቀዘቀዘ አየር ውሃ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። 8 ዲግሪ ላይ ያለ አየር ጢም ብሎ ቢጠግብ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ 8 ግራም ገደማ ውሃ ነው የሚይዘው። 25 ዲግሪ የሞቀው የሻወር ቤታችሁ አየር 23 ግራም ድረስ ይይዛል። ስለዚህ ጉሙ ሲገባና የእናንተ እንፋሎት ሲወጣ ክፍሉ ይደርቃል። ጉም እየገባበት ይደርቃል ሲባል ይከብዳል፤ ግን እውነት ነው።

ዘዴው ሰዓቱ ላይ ነው። ክፍሉ ገና ትኩስ ሳለ፣ ፎጣ ሳታነሱ መስኮቱን ክፈቱ። ወደ መኝታ ቤት የሚወስደውን በር ዝጉ። ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ የምትከፍቱት ከሆነ እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ አርፎ ክፍሉም ቀዝቅዟል፤ ያኔ ጉሙ አይጠቅማችሁም። በበጋ ግን ቀላል ነው። ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክፍት ቢውል ፀሐይና ንፋስ ይጨርሱታል።

ቬንቲሌተር ጥሩ ነው፤ ጣጣ ግን አለው። መጀመሪያ ወዴት እንደሚነፋ እዩ። ወደ ኮርኒስ ውስጥ የሚነፋ ተገጥሞ አይቻለሁ። ያ እርጥበቱን ከግድግዳ ወደ ጣሪያ ማዘዋወር ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ኮርኒሱ ይበሰብሳል። ወደ ውጭ መንፋት አለበት። ከሻወር በኋላም ሃያ ደቂቃ ያህል ይሥራ። ተከራይ ደግሞ ግድግዳ መብሳት አይችልም። ከመስኮቱ አንዱን መስታወት አስወጥታችሁ በዚያ ልክ ብታስገጥሙት ስትወጡ ነቅላችሁ መስታወቱን ትመልሳላችሁ። መብራት ሲጠፋ ያው ትርፉ ቀዳዳ ነው።

የእኔ ድምፅ ለመጥረጊያው ነው። ያቺ ወለል ላይ ውሃ የምንገፋባት ባለ ጎማ መጥረጊያ። ታጥቤ ስጨርስ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች እጠርገዋለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ቀን ለጉጉት ስል የወረደውን በጆግ ሰበሰብኩት። ሁለት የሻይ ብርጭቆ ሞላ። ያ ውሃ ሳይጠረግ ቢቀር ቀኑን ሙሉ ወደ አየሩ እየተነነ መልሶ ጥግ ጥጉን ያረጥበው ነበር። መጥረጊያ መብራት አይፈልግም፣ ፈቃድም አይፈልግም። አንድ መምረጥ ካለባችሁ እሱን ምረጡ። ሁለት ከቻላችሁ መጥረጊያና መስኮት።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሳ። ልብስ ሻወር ቤት ውስጥ አታስጡ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በርሜልና ጀሪካን እናከማቻለን፤ ክዳን ይኑራቸው፣ ከግድግዳውም አንድ ጣት ቁመት ያህል ይራቁ። ሳህን ላይ ጨው የሚያስቀምጡ አሉ። ጨው አየሩ ከ75 በመቶ በላይ ሲረጥብ ውሃ ይስባል፤ ለሻወር ቤት ግን አባይን በጭልፋ ነው። ዕጣን ሽታውን ይሸፍናል፣ ሻጋታው ግን ባለበት አለ። በባልዲ መታጠብ ከሻወር ያነሰ እንፋሎት ያወጣል። ውሃ በማትመጣበት ሳምንት ሻጋታዬ ጋብ ሲል አይቻለሁ፤ ይህን ግን እንደ መፍትሔ አልመክርም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ። ለማድረቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ ሻወር ቤት አታስገቡ። የታፈነ ክፍል ውስጥ ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይገድላል። በእኛ ብርድ አገር ይህን ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል።

ለመግደል፦ በረኪና፣ አቼቶ ወይስ ላርጎ

እዚህ ላይ መልሱ «ምን ላይ ነው የበቀለው?» በሚለው ይወሰናል።

ሴራሚክ፣ መስታወትና የእጅ መታጠቢያ ላይ ከሆነ በላርጎና በብሩሽ ጀምሩ። እውነቱን ለመናገር ውሃ በማያስገባ ነገር ላይ ሻጋታው የተቀመጠው ላዩ ላይ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መፈተግ ብቻ ይበቃል። ሰው በረኪናን የሚወደው ስለሚያነጣው ነው። የጠቆረው ከቀረ ታዲያ በረኪና ጨምሩ። ለአራት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የውሃ ብርጭቆ፣ ለሁለት ሊትር ሃይላንድ ግማሽ ብርጭቆ። ከዚህ ማወፈር ሳል እንጂ ጥቅም የለውም። አሥር ደቂቃ አቆይታችሁ እጠቡት። የተቀጠነ በረኪና ሲያድር ስለሚደክም በዕለቱ የሚበቃችሁን ብቻ አዘጋጁ።

የተለሰነ ወይም ውሃ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ በረኪና ያታልላል። ላዩን ያነጣዋል። ልስኑ ውስጥ የገባውን ግን አይደርስበትም፤ የተቀላቀለበት ውሃ ብቻ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በሁለት ሳምንት እዚያው ቦታ ይመለሳል። እኔ ቤት የሆነው ይህ ነው። እዚህ ነጭ አቼቶ ይሻላል። ሳታቀጥኑ ርጩት፣ አንድ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና አድርቁት። ሽታው ግማሽ ቀን ይቆያል። ሻወር ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ይሸታል። አቼቶም ግን ሁሉንም አይገድልም። በተለይ ግድግዳው ከውስጥ እርጥብ ከሆነ ማንም አያድነውም። እብነ በረድ ላይ አታድርጉት፤ ያበላሸዋል። የሴራሚክ መጋጠሚያው ነጭ ሲሚንቶ ላይም በየሳምንቱ ብትረጩ አሲዱ እያደር ይበላዋል።

በመታጠቢያው ዙሪያ ያለው ሲሊኮን ከጠቆረ አትልፉ። ከውስጡ ነው የበቀለው። በምላጭ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ቦታውን አድርቁ፣ አዲስ ግፉበት። ኮርኒሱ ቺፑድ ወይም አቡጀዴ ሆኖ ከራሰም እንዲሁ ነው፤ ይቀየራል እንጂ አይጸዳም።

ከበረኪናና ከአቼቶ አንዱን ምረጡ ስል በአንድ ቀን ሁለቱንም አትጠቀሙ ማለቴ ነው። ይህን የምለው ስለሠራሁት ነው። አንድ እሑድ ጠዋት በረኪና ረጨሁ። አልጠግብ ብዬ በላዩ ላይ አቼቶ ደገምኩበት። መስኮቱ ዝግ ነው። ጉሮሮዬ እንደ ሚጥሚጣ ተያዘ፣ ዓይኔ አነባ፣ እየሳልኩ ግቢው ውስጥ ወጣሁ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ያው ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም መርዛም ጋዝ ይፈጥራል። አንዱን ከተጠቀማችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ሌላውን በሌላ ቀን።

ደረቅ ሻጋታ በደረቅ ብሩሽ አትፈትጉ፤ ዘሩን ቤቱን ሙሉ ትበትናላችሁ። መጀመሪያ አርጥቡት። ጓንትና ማስክ አድርጉ። የጠቆረው ቦታ ከአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካልበለጠ ራሳችሁ ትችሉታላችሁ። ከዚያ ካለፈ ከግድግዳው ጀርባ አንድ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ብሩሹን አስቀምጡና አከራይ ጥሩ።

ለመሸፈን፦ ዘይት ቀለም፣ ውሃ ቀለም ወይስ ኖራ

ቀለም መጨረሻ ነው የሚመጣው። ሻጋታ ላይ መቀባት ቁስል ላይ ካልሲ ማድረግ ነው።

ዘይት ቀለም ለደረቅ ግድግዳ ጥሩ ነው። ይታጠባል፣ እንፋሎት ወደ ልስኑ አያስገባም። ከጀርባው ውሃ ካለ ግን መውጫ ያጣል። ያብጣል፣ ይላጣል። የእኔ ግድግዳ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ፊኛ ፊኛ አወጣ። አንዱን በጥፍሬ ብነካው ቡናማ ውሃ ፈሰሰ። ውሃ ቀለም አየር ያስተነፍሳል፤ ሻወር ላይ ግን ቶሎ ይቆሽሻል፣ በብሩሽ ስትፈትጉት አብሮ ይወርዳል።

ሰው የረሳው ኖራን ነው። አያቶቻችን ግድግዳ የሚያነጡበት ኖራ ለሻጋታ አይመችም። ፒኤቹ 12 ገደማ ስለሆነ ትኩስ ኖራ ላይ ሻጋታ አያድግም። ግድግዳውንም አያፍነውም። ርካሽም ነው። ችግሩ ዘይት ቀለም ወይም ፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ አይያዝም። ባዶ ልስን ይፈልጋል። ስትደገፉት ልብስ ያነጣል። ጥሬው ኖራ ውሃ ሲገባበት ይፈላል፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ለሚያውቅ ቀለም ቀቢ ተዉት። ለውጭ ሻወር ቤትና ሴራሚክ ላልደረሰበት የላይኛው ግድግዳ ግን እኔ ከዘይት ቀለም አስበልጠዋለሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ በበጋ ቀቡ። የራሰ ልስን በደንብ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈልጋል። በነሐሴ የሚቀባ ሰው ለቀለም ሻጩ ነው የሚሠራው።

አከራይን መጥራት

ፌስታሉ ጀርባ ረጥቦ ካገኛችሁት ከላይ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ምንጩ መዘጋት አለበት።

እትዬን ስነግራቸው መጀመሪያ አልወደዱትም።

«አንቺ ልጅ፣ ካንቺ በፊት የነበረው ልጅ ሦስት ዓመት ሲኖር ሻጋታ ብሎ አያውቅም። ሻወር ታበዢያለሽ መሰለኝ።»

«እውነትዎን ነው እትዬ፣ እንፋሎቱ ከእኔ ነው። እሱን እየጠረግኩ ነው። ይሄኛውን ግን ይዩልኝ» አልኩና ፌስታሉን ገልጬ አሳየኋቸው። ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱ። ጣታቸውን አዩት። ምንም አላሉም። ወጥተው ግድግዳውን ከውጭ በኩል አዩ፤ ከላይ ወደ ታች አረንጓዴ መስመር ወርዷል። ቀና ሲሉ ሮቶው ነው። ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተበላሽቷል። ውሃ በመጣች ሌሊት ሁሉ ሞልቶ በግድግዳው ላይ ሲፈስ ያድር ነበር። እኛ ተኝተን።

«እኔስ ዝናቡ ነው ስል» አሉ እትዬ። በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛ መጣ። ሥራው ከአንድ ሰዓት አልበለጠም።

ከዚህ የተማርኩት አነጋገር ነው። «ቤትዎ ሻግቷል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ክብራቸውን ይነካል። የራስን ድርሻ አስቀድሞ አምኖ ውሃውን ማሳየት ሌላ ነው። ወጪውንም በዚያው ተካፈልነው። ቧንቧው የእሳቸው፣ ማጽጃውና ጉልበቱ የእኔ። ቀለሙን በጥር እሳቸው ገዙ፣ እኔ ቀባሁ።

ነገሩ በሽምግልና ካልሆነ ሕግም አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ያከራየውን ቤት በኪራዩ ጊዜ በደህና ሁኔታ እንዲጠብቅና የሚያስፈልገውን እድሳት እንዲያደርግ ያዛል። ትንንሽ ጥገና በውል ወደ ተከራይ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ውላችሁን አንብቡት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ተፈጻሚ በሆነባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ሁለት ዓመት ረጅም ነው። ስለዚህ ስትፈርሙ አንድ መስመር አስገቡ፦ የጣሪያ፣ የቧንቧና ከውጭ የሚሰርግ እርጥበት ጥገና የአከራይ ነው። የገባችሁ ቀን ጥግ ጥጉን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስትወጡ «አንተ ነህ ያጠቆርከው» የሚል ክርክር ይቀራል።

መቆየት ወይስ መልቀቅ

ይህ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ምክንያቱም ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። የእኔ መስፈሪያ እንዲህ ነው። ውሃው ከእንፋሎት ብቻ ከሆነ አትልቀቁ። የምትሄዱበት ቤትም ብሎኬቱ ያው ቀዝቃዛ ነው። ሻጋታውን በጓዛችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ውሃው ከግድግዳ ሆኖ አከራዩ ካደሰ፣ አንድ በጋ ጠብቁት። ካላደሰና አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ ፈልጉ። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው፣ ጨቅላ ወይም ደካማ አዛውንት ካለ ግን ክረምቱን እንኳ አትጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከአስምና ከመተንፈሻ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ አስፍሯል። ሌሊት ሌሊት የሚያስል፣ ከቤት ውጭ ሲያድር የሚሻለው ሰው ካለ ሐኪም ጋ ሂዱና ስለ ሻጋታውም ንገሩት።

አዲስ ቤት ስታዩ ከተቻለ በነሐሴ እዩ። በበጋ ሁሉም ቤት ደረቅ ይመስላል። ቤቱ ሁሉ አሮጌ ሆኖ ሻወሩ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ከሻወሩ ጋር የሚዋሰነውን የመኝታ ቤት ግድግዳ በመዳፋችሁ ዳስሱ። ቁምሳጥን ካለ ጀርባውን አሽትቱ። ወጥታችሁ ሮቶው የት እንደተቀመጠና ከስሩ ግድግዳው አረንጓዴ እንደሆነ እዩ። መስኮቱን ክፈቱት፤ ብዙ ሻወር ቤት ውስጥ ዝጎ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ።

እኔ ቆየሁ። ዘንድሮ ግድግዳው ደህና ነው፤ ቁምሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቄዋለሁ። ጋቢውን አጥቤ ሦስት ቀን የጥቅምት ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ በረኪና ጥለቱን ስለሚያደበዝዘው አልነካሁትም። ሽታው ለቀቀ። ነጥቦቹ ግን አሁንም አሉ። እናቴ የፈተለችው ስለሆነ፣ እሷ ስትመጣ ያንን ጎን ወደ ውስጥ አድርጌ ነው የምደርበው።